ሦስት ትውልድ በአንድ ጀልባ፦ ለጣና ጉዞ የትኛውን እንምረጥ?

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በኮሶበርና በዳንግላ በኩል ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አያቶችን፣ ልጆችንና የልጅ ልጆችን አሰባስቦ ይህን መንገድ የሚጓዝ ቤተሰብ ስለ መንገዱ ሁኔታ፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ማደሪያውና ስለ ስንቁ አስቀድሞ ይመክራል። ጀልባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሐይቁ ዳር ከተደረሰ በኋላ፣ በችኮላና በዋጋ ብቻ ይመረጣል። የ80 ዓመት አዛውንትና የ4 ዓመት ሕፃን አብረው በሚሳፈሩበት ጉዞ ብዙ ምክር የሚሻው ይኸው ጉዳይ ነበር።

ምርጫው የሚጀምረው ከመድረሻው ነው። ጣና 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ በመሆኑ አንዱ ገዳም ለግማሽ ቀን ሽርሽር ሲበቃ፣ ሌላው ሙሉ ቀን ይወስዳል። ከዚህም በላይ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ናቸው። ይህን አስቀድሞ ያልጠየቀ ቤተሰብ ጉዞውን የጠነሰሱትን አያት ጀልባ ላይ አስቀምጦ ወንዶቹ ብቻ ሊወጡ ይችላሉ። ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችንም ስለምትቀበል ሁለቱን ደሴቶች በአንድ ጉዞ ማጣመር ይቻላል። በደቅ ደሴት የምትገኘውና እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም ለሴትም ለወንድም ክፍት ናት፤ ርቀቷ ግን ለሕፃናትም ለአረጋውያንም ቀላል አይደለም።

ለብዙ ቤተሰብ የሚስማማው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በዚያ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና በትረ ማርያም ይገኛሉ። ሆኖም «ዘጌ ቅርብ ነው» ሲባል የውኃው መንገድ ብቻ እንደተነገረ ልብ ይሏል። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለመድረስ ከጀልባ ወርዶ በቡናው ጫካ መካከል ድንጋያማውን ዳገት መውጣት ያስፈልጋል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አዛውንት ከአንድ ሰዓት የጀልባ ጉዞ ይልቅ የሚከብደው ይህ ዳገት ነው። አቅማቸው ለዚህ የማይበቃ ከሆነ ለከተማዋ ቅርብ የሆነችው የደብረ ማርያም ደሴትና ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ የተሻሉ ናቸው።

መድረሻው ከታወቀ በኋላ የጀልባው መጠን ይታሰባል። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። እንዲህ ባለው ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ አጭርና ተከታታይ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። ጠዋት እንደ መስተዋት የተኛው ውኃ ከቀትር በኋላ ይናወጣል። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ከቀትር በፊት መመለስ፣ ጀልባውን ከመለወጥ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጠቅም መፍትሔ ነው። ሩቅ ለመሄድ የወሰነ ቤተሰብ ግን ሰፋ ያለ፣ ጣሪያ ያለውና ከተቻለ ሁለት ሞተር የተገጠመለትን ይምረጥ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ከዳር ያደርሳል።

ትልቅ ሁሉ ግን ለሁሉም አይሆንም። በ2017 ዓ.ም ከጅቡቲ ተነሥታ በየብስ ወደ ጣና የተጓጓዘችው «ጣና ነሽ 2» ከመቶ በላይ መንገደኞችን የምትይዝ መርከብ ናት። እንዲህ ያለው መርከብ ሞገድ ለሚፈሩ ሰዎች መረጋጋትን ይሰጣል፤ ነገር ግን የሚሄድበትን ቀንና መስመር የሚወስነው ተሳፋሪው አይደለም፤ በየገዳሙ ደጃፍም አይቆምም። ትንሿ ጀልባ በአንጻሩ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ እስከ ደንገሉ ድረስ ትጠጋለች፤ ሕፃን ቢያለቅስ ወይም አያት ቢደክማቸው ወዲያው ትመለሳለች። በውቅያኖስ የሚንሳፈፉ የሽርሽር መርከቦች ሐኪም ቤትና መኝታ ይዘው ይዞራሉ፤ በጣና ትናንሽ ጀልባዎች ላይ መጸዳጃ ቤት እንኳ አይጠበቅም። ይህ ጉዳይ ለመናገር ቢያሳፍርም አረጋውያንን ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ዋና ነገር ነው፤ የጉዞው ርዝመት በዚህም መለካት አለበት። በደንገል የምትሠራው ታንኳ ደግሞ የሐይቁ ጌጥ ናት፤ ሕፃንና አዛውንት ማሳፈሪያ ግን አይደለችም።

ከመሳፈር በፊት የሕይወት አድን ጃኬቶችን አንድ በአንድ መቁጠር ነውር የለውም። ለአዋቂ የተሠራው ለሕፃን አይሆንም፤ ውኃ ውስጥ ከራሱ ላይ ይወጣል። አያት ጋቢያቸውን ደርበው ከተቀመጡ ጃኬቱ ከጋቢው ሥር ለልብሳቸው ቀርቦ ይታሰር፤ ጋቢው ከላይ ልቅ ይሁን። ውኃ የጠጣ ጋቢ እጅግ ስለሚከብድ በችግር ጊዜ በቀላሉ መውለቅ አለበት። የመሳፈሪያው ደረጃም ይታይ፦ የሚያዝ ነገር አለው? ወይስ ከድንጋይ ላይ ዘልሎ መግባትን ይጠይቃል?

ሌላው አደጋ ከደስታ የሚመጣ ነው። አንዱ «ጉማሬ!» ብሎ ሲጮህ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከተነሣ ትንሽ ጀልባ ታዘነብላለች። ስለዚህ ከባድ ሰዎች በመካከል ይቀመጡ፤ ልጆችም ሳይነሡ እንዲያዩ አስቀድሞ ይነገራቸው። በክብረ በዓላት ቀን ተሳፋሪው ስለሚበዛ ከልክ በላይ የመጫን ፈተና አለ፤ ከልክ በላይ ከተጫነ ጀልባ መውረድ የተሳፋሪው መብት ነው።

ወቅቱም የራሱ ድርሻ አለው። ክረምቱ ሲያበቃ ሐይቁ ሞልቶ ጀልባው ወደ ዳር በደንብ ይጠጋል፤ የጫካው መንገድ ግን ገና ያዳልጣል። ውኃው በሚቀንስበት በግንቦት ጀልባው ከዳር ርቆ ሊቆም ይችላል፤ ያኔ አያትን አዝሎ ማውረድ የልጅ ልጆች ሥራ ይሆናል። ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ደብረ ማርቆስ 1800 ሜትር ገደማ ወደሆነችው ባሕር ዳር የሚወርድ የደጋ ሰው ሙቀቱንና ወባውን ሊዘነጋ አይገባም። ለሐይቁ ውኃና ጥላ፣ ለሌሊቱ ደግሞ አጎበር ያስፈልገዋል።

የዋጋ ድርድሩ ጉዳይ አጭር ነው። ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ የሚከራየው በሰው ቁጥር ሳይሆን በጉዞ ነው፤ የገዳማት መግቢያ ክፍያም ከኪራዩ ውጪ ነው። ስለዚህ የሚደረስባቸው ቦታዎች ስም፣ በየቦታው የሚቆዩበት ጊዜና የመመለሻው ሰዓት ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ከጀልባ ነጂው ጋር በግልጽ ይወሰን። አያት ከገዳሙ ቀስ ብለው ሲወርዱ ነጂው «ሰዓት አለፈ፤ ጨምሩ» እንዳይል፣ የአንድ ሰዓት ትርፍ ጊዜ ከመነሻው በስምምነቱ ውስጥ ይግባ።