የአማርኛ ዘር ከየት ይመዘዛል?

ከደቡብ ጎንደሩ ስማዳ የበሽሎን ወንዝ ተሻግሮ የሚገኘው የደቡብ ወሎ ምድር ጥንት ቤተ አምሐራ ይባል ነበር። አማርኛ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ከጋይንት በስተሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ላስታ፣ ከላስታም አልፎ ኽምጣንጋ የተባለው የአገው ቋንቋ ዛሬም የሚነገርበት ዋግ አለ። የደቡብ ጎንደሮቹ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ አፍ የፈቱበት ቋንቋ ትውልዱ ሲጠየቅ ሁለቱም አቅጣጫዎች መልስ አላቸው።

አማርኛ በዘሩ ሴማዊ ነው። እኛ «ራስ፣ ቤት፣ ሞተ» የምንለውን ዐረቡ «ራእስ፣ በይት፣ ማተ» ይለዋል። እንዲህ ያሉ መሠረታዊ ቃላት ከገበያ የተለቃቀሙ አይደሉም፤ ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ የተወረሱ ናቸው።

ብዙ ሰው አማርኛን የግዕዝ ልጅ ያደርገዋል። የቋንቋ ሊቃውንት አመዳደብ ግን ከዚህ ይለያል። ሮበርት ሄትስሮን በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያን ሴማዊ ቋንቋዎች ሰሜንና ደቡብ ብሎ ከፈላቸው። ግዕዝ፣ ትግርኛና ትግረ ከሰሜኑ ወገን ናቸው። አማርኛ ከደቡቡ ነው፤ እዚያም ሐረሪን፣ ስልጥኛን፣ የጉራጌ ቋንቋዎችንና የጠፋውን ጋፋትኛን ያገኛል። ከሁሉም የሚቀርበው አርጎብኛ ነው። ስለዚህ ግዕዝ ለአማርኛ የሥጋ ዘመድ እንጂ ወላጅ አይደለም። በአማርኛ ውስጥ የሞሉት የግዕዝ ቃላት አብዛኞቹ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት በኩል የገቡ ናቸው።

የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ደግሞ ሌላ ታሪክ ይነግራል። ግዕዝ «በልዐ ኅብስተ» ሲል ግሡን ያስቀድማል፤ አማርኛ «እንጀራ በላ» ብሎ ግሡን ይቋጭበታል። ግዕዝ «ቤተ ንጉሥ» ሲል አማርኛ «የንጉሥ ቤት» ይላል። ግሥን መጨረሻ ላይ ማዋል፣ ባለቤቱንም ከንብረቱ ማስቀደም የአገው ቋንቋዎችም ጠባይ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ይህን የሚያስረዱት፣ በአገውኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች ሴማዊውን ቋንቋ ሲቀበሉ የራሳቸውን አነጋገር ይዘው ስለ ገቡ ነው በማለት ነው።

በጽሑፍ የምናውቀው የመጀመሪያው አማርኛ ከ14ኛው መቶ ዘመን፣ ከዓፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ጀምሮ ለነገሥታት የተገጠመው ውዳሴ ነው። ቋንቋው ከዚያ አስቀድሞ በሕዝቡ አፍ ሲነገር እንደ ኖረ ጥርጥር የለውም።

እንግዲህ አማርኛን የተበላሸ ግዕዝ ማለት ስሕተት ነው፤ አገውንም ከታሪኩ ማውጣት ግማሹን መካድ ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ተማሪዎች ሆይ፣ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ አነጋገራቸውን ቅረጹ፤ በመጽሐፍ ያልገባው ማስረጃ በእነሱ አፍ ነው ያለው።