መንገዱ ወዴት ነው የሚያደርሰው? የወልቂጤና የቡታጅራ ጥያቄ

ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቡታጅራ ደግሞ በሆሳዕና መንገድ ላይ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይገኛሉ። በመካከላቸው የጉራጌ ሰንሰለታማ ተራራ ቆሟል። ከምዕራብ በኩል የሚወርደው ውኃ በዋቤ ወንዝ አድርጎ ወደ ግቤና ኦሞ ይፈስሳል፤ ከምሥራቅ በኩል ያለው በመቂ ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ይሁን እንጂ ሁለቱን ከተሞች ያራራቃቸው ተራራው ብቻ አይመስለኝም። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ሁሉ ወደ መዲናዋ መዘርጋታቸው ከተራራው ያላነሰ ሚና አለው።

ይህ ነገር ከዓለም ንግድ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ወደብ የላትም፤ አብዛኛው የገቢና የወጪ ንግዷ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ከውጭ የመጣ ጨርቅ ወልቂጤ ሱቅ ላይ እስኪሰቀል ድረስ ወደቡን አልፎ፣ መርካቶ ጅምላ ሻጭ እጅ ገብቶ፣ እንደገና ተጭኖ ይመጣል፤ በየደረጃው የትራንስፖርትና የነጋዴ ወጪ ይደመርበታል። ትርፉ የሚጠራቀመው ሸቀጡ በሚከፋፈልበት ቦታ ነውና ነጋዴውም እዚያው ይከትማል። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ የበዛ ስለሆነ የጉራጌ ወጣት ለንግድ ወደ አዲስ አበባ መሄዱ የቆየ ልማድ ነው። ብዙዎች ወደ አገር ቤት የሚመለሱት ለመስቀልና ለአረፋ ነው። ሀብቱ ማዕከል ላይ ሲከማች የመደራደር አቅሙም አብሮት ይሄዳል።

በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ጉራጌ በሁለት ዞኖች ተከፈለ፤ የምሥራቅ ጉራጌ መቀመጫም ቡታጅራ ሆነች። ይህን የወሰነው ፖለቲካ እንጂ መልክዓ ምድር አይደለም የሚል ሰው እውነት አለው፤ ያልተከፈለው የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም. ጉራጌ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን ወስኖ ነበር፣ ያ ግን አልተፈጸመምና። ሆኖም ጉዳይ ለማስፈጸም ከቡታጅራ የዞኑ መቀመጫ ወደነበረችው ወልቂጤ ድረስ ተራራ ተሻግሮ መሄድ ለነዋሪው የገንዘብና የጊዜ ወጪ ነበር። የቅርብ አስተዳደር ይኑረን የሚለው ጥያቄ ሰሚ ያገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

መልክዓ ምድር ግን የማይሻር ፍርድ አይደለም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው የዓለምገና–ወላይታ ሶዶን መንገድ ለማሠራት ተደራጅተው ነበር፤ ቡታጅራም በዚያ መስመር ተጠቅማለች። ነገር ግን ያ መንገድም ቢሆን ወደ መዲናዋ የሚያመራ ነበር። ዛሬ ትኩረት የሚያሻቸው አግድም የሚሄዱት ናቸው፤ ከቡታጅራ በጉብሬ በኩል ወደ ወልቂጤ፣ ከቡታጅራም በባቱ በኩል ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ። በእነዚህ መስመሮች የሚመላለሰው ተሽከርካሪ ጥቂት ነው፣ ወጪውን አይመልስም የሚል መከራከሪያ ይነሳል። የዛሬው ቁጥር ግን የዛሬውን መንገድ ያሳያል እንጂ የቡታጅራ ጎረቤት የሆነው የማረቆ በርበሬ ነጋዴ አዲስ አበባ ሳይገባ ገዢ ቢያገኝ ምን ያህል እንደሚጭን አይነግረንም። የመንገድ በጀት ሲደለደል ሊጠና የሚገባው ይህ ነው።