ዛፍ ላይ የማትወጣው የዛፍ እንቁራሪት

እዚህ ካርቱም የእንስሳትን አመዳደብ ሳስተምር ስለ አንዲት የደጋችን እንቁራሪት አነሳሁ። «ከዛፍ እንቁራሪቶች ወገን ናት፤ ግን ዛፍ ላይ አትወጣም» ስል፣ እዚሁ የተወለደች አንዲት ተማሪዬ «ታዲያ ቲቸር፣ ለምን የዛፍ ትባላለች?» አለችኝ። ጥያቄዋ ጥሩ ስለሆነ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ሳይንሳዊ ስሟ ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ ነው። እኛ የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን፤ ሳይንስ ግን ይገለብጠዋል። ሌፕቶፔሊስ የወገኗ፣ ግራሚኒየስ የራሷ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1898 ያወጣላት ቡሌንጀር የተባለ ተመራማሪ ነው።

የሌፕቶፔሊስ ወገን ከ50 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ሁሉም ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ የሚኖሩ ናቸው። አብዛኞቹ የጣታቸው ጫፍ ሰፋ ያለ ስለሆነ ቅርንጫፍ ላይ ይወጣሉ። የኛዋ ጣት ግን እንደነሱ አልሰፋም፤ ሣር ውስጥና አፈር ስር ነው የምትኖረው። ታዲያ ለምን ከነሱ ጋር ተመደበች? ምክንያቱም ምደባ የሚጠይቀው «ዘመድሽ ማነው?» ብሎ እንጂ «አሁን የት ነሽ?» ብሎ አይደለም። ምደባም ይታረማል፦ ይህ ወገን ድሮ ከሸምበቆ እንቁራሪቶች ቤተሰብ ይቆጠር ነበር፤ በኋላ የዘረመል ጥናት ወደ ሌላ ቤተሰብ አዛወረው። የተቀየረው እውቀታችን ነው፤ እንቁራሪቶቹማ እንደነበሩ ናቸው።

የምትገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከስምጥ ሸለቆው ምሥራቅም ምዕራብም፣ ባሌን በመሳሰሉ ደጋዎች። ለሷ ደጋው ደሴት ነው፤ ሞቃቱ ቆላ ደግሞ እንደ ባሕር ይከባታል። ስምጥ ሸለቆው ለሁለት ስለከፈላት፣ ወዲህና ወዲያ ያሉት በዘረመል ተራርቀዋል። ጎጃም ውስጥም ሌፕቶፔሊስ ያልደኒ የምትባል ዘመድ አለቻት፤ ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ጎጃምን የሚዞረው ዓባይ እዚህ ካርቱም ይደርሳል፤ እንቁራሪቷ ግን የደጋውን ቅዝቃዜ ትታ አብራው አትወርድም።

ተማሪዬ ትንሽ ዝም ብላ «እኔስ ቲቸር? እናቴ የጎንደር ናት፤ እኔ ግን ጎንደርን አላየሁም» አለችኝ። የሰው ነገር በእንቁራሪት አይፈታም አልኳት። ግን ሰሌዳው ላይ ሁለት ጥያቄ ጻፍኩ፦ «ዘመድሽ ማነው?» እና «የት ትኖሪያለሽ?» አንዱ ሌላውን አይሰርዝም።

ደብተሯ ላይ ለሁለቱም መልስ ጻፈች።