ብረታ ብረት ይደክማልን?

ቀጭን ሽቦ በእጃችሁ ሰብራችሁ ታውቃላችሁን? አንድ ጊዜ ብታጥፉት አይሰበርም። ደጋግማችሁ ስታጥፉትና ስታቀኑት ግን በድንገት ለሁለት ይከፈላል። መሐንዲሶች ይህንን የብረት ድካም ይሉታል።

ድካሙ ሕይወት አስከፍሏል። እንግሊዝ ሠራሿ ኮሜት እ.ኤ.አ. በ1952 ሥራ የጀመረች የመጀመሪያዋ የመንገደኞች ጄት ነበረች። በ12,000 ሜትር ከፍታ ስትበር በውስጧ ታምቆ የሚቆየው አየር አዲስ አበባ ላይ የምንተነፍሰውን ያህል ነበር። ስለዚህ በየበረራው ስስ የአሉሚኒየም ቆዳዋ እንደ ፊኛ ይወጠራል፤ ስታርፍ ይረግባል። ጃንዋሪ 10 ቀን 1954 አንዷ ኮሜት በኤልባ ደሴት አጠገብ፣ ኤፕሪል 8 ደግሞ ሌላዋ በኔፕልስ አቅራቢያ አየር ላይ ተበታተኑ። 56 ሰዎች አለቁ።

መርማሪዎች ፋርንቦሮ በተባለ ስፍራ አንዲት ኮሜት ገንዳ ውስጥ አስገብተው፣ ውስጧን በውኃ ሞልተው ግፊቱን ይጨምሩና ይቀንሱ ጀመር። በአየር ቢሆን ኖሮ ስትቀደድ እንደ ቦምብ በፈነዳች ነበር! ቀድሞ የበረረችው 1,221 በረራ ተደምሮ በ3,057ኛው ዙር ቆዳዋ ተቀደደ። ከባሕር የወጣው ስብርባሪም ስንጥቁ ጣሪያው ላይ ካለ ክፍተት ጥግ፣ ከአንዲት የሪቬት ቀዳዳ አጠገብ መነሣቱን አሳየ። እንዲህ ያለ ጥግ ጭነትን ወደ ራሱ ይሰበስባል።

ዛሬ አውሮፕላን የሚመዘነው በዕድሜው ብቻ አይደለም፤ ስንት ጊዜ ተነሥቶ እንዳረፈም ይመዘገባል። ዓይን የማያየውን የቀዳዳ ዳር ስንጥቅ ባለሙያዎች በኤሌክትሪክና በድምፅ ሞገድ መሣሪያ ይፈልጉታል።