እፉኝት በጓሮ ስትገኝ

ጳውሎስን የነደፈችው እፉኝት የወጣችው ከጭራሮ ክምር ነው (ሐዋ. 28፥3)። ዛሬም በአዳማና በሐዋሳ ዳርቻ አዲስ ቤት የሠሩ ባለትዳሮች እባብ የሚያገኙት ከማገዶና ከድንጋይ ክምር ሥር ነው። እፉኝት አጭርና ወፍራም ናት፤ ጭንቅላቷ ሰፊ፣ ጀርባዋ ላይ የቀስት ጫፍ የመሰለ ጥለት ያላት። ቶሎ አትሸሽም፤ ተነፍታ ታፏጫለች። ሁሉም እባብ መርዘኛ አይደለም፤ መለየት ካልቻላችሁ ግን እንደ መርዘኛ ቁጠሩት።

አባወራው «ራሱን ልቀጥቅጠው» ብሎ ዱላ ያነሣል። ወንድሜ፣ እንዲህ ሲል የሚነደፍ ብዙ ነው! ልጆችን አርቁ፣ ከሩቅ እየተከታተላችሁ መውጫ ተዉላት፤ ካልሄደች ልምድ ያለው ሰው አስጠሩ።

የተነደፈ ካለ አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድም አጥብቃችሁ አትሰሩ። ቀለበቱን አውልቁለት፤ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅስ ወዲያው ሆስፒታል አድርሱት። ጸሎቱን መኪና ውስጥ ሆናችሁ ጸልዩ።