አራት ጥማድ በአንድ አውድማ

ስልካችሁ ላይ ጌም እየተጫወታችሁ ቴሌግራም ልታዩ ትወጡና ስትመለሱ ጌሙ ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ይነሳባችኋል። ራም ሲያንሰው ስልኩ ገድሎታል ማለት ነው። አንድሮይድ ከውስጥ ሊኑክስ ነው፤ ሊኑክስ ደግሞ ሜሞሪ ሲያልቅበት አንዱን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። እኔን ይህ ጠባዩ ያስመረረኝ ግን በስልክ አይደለም። ፍኖተ ሰላም ቤታችን ውስጥ፣ የኤቲኤም ካርድ በምታክል ኮምፒውተር ላይ ነው።

ጊዜው ሰኔ 2016 ዓ.ም. ነበር። ቡሬ ገጠር ያሉት አጎቴ በቆሎ ላይ ተምች ወጣባቸው፤ ያ በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው «የአሜሪካ መጤ ተምች» የሚባለው። ትሉ ለጋው ቅጠል ውስጥ ተደብቆ ስለሚበላ ብዙ ጊዜ የሚታየው ካበላሸ በኋላ ነው። እኔም ራስፕቤሪ ፓይ 3 ላይ ካሜራ ሰክቼ የተበሳውን ቅጠል እንዲለይ ላደርግ ተነሳሁ። ለዚህ ኦፕንሲቪ የሚባል ምስል የሚተነትን ነጻ ሶፍትዌር ያስፈልጋል።

የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት አልፎት ነበር። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ሶርስ ኮዱን በፍላሽ ላከልኝ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሴ ነው፤ «ሶርሱን» ከማለት «ያለቀለትን ፓኬጅ ከነአጋዦቹ» ብለው ኖሮ ይህን ሁሉ ባላየሁ። ኢንተርኔት ያላችሁ በኤፒቲ በአንድ መስመር ጫኑትና ተገላገሉ። እኔ ግን ኮምፓይል ማድረግ ነበረብኝ፤ ማለትም ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚያስኬደው ቋንቋ እዚያው ፓዩ ላይ መለወጥ።

ፓይ 3 አራት ኮርና 1 ጊጋባይት ራም አለው። አራት ኮር ካለ አራቱንም ማሠራት ነው ብዬ «ሜክ» የሚለውን ትዕዛዝ ከ«ጄ4» ጋር ሰጠሁት። ሞኒተር ስለሌለኝ የሰካሁት ቲቪ ላይ ነው፤ እናቴ ድራማዋ አመለጣት። ሠላሳ ምናምን ፐርሰንት ላይ ማውሱ ደረቀ። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ ቃል ብቻ ወጣ፦ «ኪልድ»። ኮዱ የተበላሸ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ከዜሮ ጀመርኩ። በኋላ ነው «ዲሜስጅ» ብዬ የከርነሉን መዝገብ ሳነብ ሜሞሪ አልቆ ኮምፓይለሩን እንደገደለው ያየሁት። ኮዱ ደህና ነበር።

አጎቴ ለገበያ መጥተው እኛ ቤት አድረው ነበርና «ምን ሆነብህ?» አሉኝ። «አውድማው ጠባብ ነው፤ እኔ አራት ጥማድ በሬ አስገብቼበት ተረጋገጡ» አልኳቸው።

«ታዲያ ሦስቱን አትፈታቸውም?» አሉኝ። ለእሳቸው ይህም ጥያቄ ሆኖ ነው!

ፈታኋቸው። ጄ4ን ጄ1 አደረግኩት። የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ሲሆን አንዱ ፋይል ብቻውን መቶዎች ሜጋባይት ሊበላ ይችላል፤ አራቱ አንድ ላይ ሲመጡ 1 ጊጋባይት የት ይደርሳል? ዴስክቶፑንም ዘግቼ በጥቁሩ ስክሪን ብቻ ሠራሁ። ከዚያ ሲሜክ ላይ ቴስቶቹንና ምሳሌዎቹን አጠፋሁ፤ የማልጠቀምባቸውን ሞጁሎችም ተውኳቸው። ያልተሠራ ነገር ሜሞሪ አይበላም።

የቀረው ስዋፕ ነው። ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ከስቶሬጅ ተወስዶ የሚጨመር ራም አይታችሁ ይሆናል፤ ያው ነው። የእኔ ፓይ የተሰጠው 100 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ «ዲፊስ ስዋፕፋይል» የሚባለውን ፋይል ከፍቼ 2048 አልኩት። ችግሩ ሜሞሪ ካርድ ከራም ጋር ሲነጻጸር ኤሊ ነው፤ በዚያ ላይ ተደጋግሞ ሲጻፍበት ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ስዋፕ ለክፉ ቀን ይቀመጥ እንጂ ጄ4 ይዛችሁ በስዋፕ እወጣዋለሁ አትበሉ። ሞክሬዋለሁ፤ አይገድለውም፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ካርዱን ሲያመላልስ ያድራል። ዜድራም የሚባል ሌላ ዘዴም አለ፤ ራሙ ውስጥ ያለውን እዚያው ጨምቆ ቦታ ያስለቅቃል፣ ካርዱን አይነካም። ለትንሽ ማሽን እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ሌሊት መብራት ጠፋ። በሰው አገር ጽሑፍ ላይ ይህ ምዕራፍ የለም። ደግነቱ ሜክ የጨረሰውን ደግሞ አይሠራም፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ሲጠፋ እየተጻፈ የነበረው ፋይል ግን ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የእኔ አንዱ እንደዚያ ሆኖ መጨረሻው ላይ ስህተት አመጣብኝ፤ መጠኑ ዜሮ የሆነውን ፈልጌ አጠፋሁና እንደገና አስጀመርኩት። ከዚያ ወዲያ ፓዩን ፓወር ባንክ ላይ ነው የምሰካው፤ 2.5 አምፒር የማይሰጥ ከሆነ ግን ሥራው ሲከብድ ራሱ ይጠፋል።

በሁለተኛው ሌሊት ንጋት ላይ 100 ፐርሰንት አለ። ስዋፑን ወደ ነበረበት መለስኩ፣ ቲቪውን ለእናቴ አስረከብኩ፣ መንገድ ሲከፈት ፓዩን በፌስታል ጠቅልዬ ቡሬ ሄድኩ። አጎቴና ልጆቻቸው ትሉን በእጃቸው እየለቀሙ ከማሳው ግማሽ ደርሰው ነበር። ካሜራዬን ገና ሳልሰካ አንድ ጣሳ ሰጡኝና ከዳሩ እንድጀምር አሳዩኝ።