አየር መንገዱ ስለእናንተ ምን ያውቃል?

የበረራ አስተናጋጇ በስማችሁ ጠርታ ሰላም ብትላችሁና ያዘዛችሁትን የጾም ምግብ ሳትረሳ ብታመጣላችሁ ደስ ይላችኋል። ይህችው አስተናጋጅ ከበረራው በፊት ስማችሁን ጎግል ላይ አስገብታ ፎቷችሁን እንዳየች ብትነግራችሁስ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቅር ይለዋል። አየር መንገዶች ግን ሁለቱንም «ደንበኛን ማወቅ» ይሏቸዋል። ታዲያ አንዱን መስተንግዶ፣ ሌላውን ስለላ የሚያስመስለው ምንድን ነው?

የሚታወቀው ነገር መብዛቱ ብቻ አይደለም። መረጃውን ማን ሰጠ? ለምን ጉዳይ ሰጠ? ከዚያስ ወዴት ሄደ? ወሳኞቹ እነዚህ ናቸው።

ሁሉም የሚጀምረው ከአንድ መዝገብ ነው

ትኬት ስትቆርጡ ኮምፒውተር ላይ አንድ መዝገብ ይከፈታል። በሙያው ቋንቋ ፒኤንአር ይባላል፤ የመንገደኛ ስም መዝገብ እንደማለት ነው። ትኬታችሁ ላይ የምታዩት፣ ከፊደልና ከቁጥር የተሠራው ባለ ስድስት ምልክት ኮድ የዚህ መዝገብ መለያ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካን ኤርላይንስና አይቢኤም ሴበር የተባለውን የቦታ ማስያዣ ሥርዓት በኮምፒውተር ማሠራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው።

መዝገቡ ስም፣ ስልክ፣ የጉዞ መስመር፣ የአከፋፈል ሁኔታና አብሯችሁ የሚጓዘውን ሰው ይይዛል። ከዚህ ሌላ «ልዩ አገልግሎት» የሚባል ክፍል አለው። እዚያ የሚገቡት ጥያቄዎች የዓለም አየር መንገዶች በሚግባቡባቸው ባለ አራት ፊደል ኮዶች ይጻፋሉ። የሙስሊም ምግብ የራሱ ኮድ አለው፤ የአይሁድ ኮሸር ምግብ፣ የስኳር ሕመምተኛ ምግብ፣ ዊልቸርም እንዲሁ።

የምግብ ምርጫ ብቻ የሚመስለው ኮድ ግን ሃይማኖትን ወይም ሕመምን ይናገራል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ አውሮፓና ካናዳ የመንገደኞች መረጃ ስምምነት አስተያየት ሲሰጥ ይህንኑ አንስቶ ነበር። እነዚህ መረጃዎች አንድ ላይ ሲታዩ የሰውን የጉዞ ልማድ፣ ከማን ጋር እንደሚቀራረብ፣ የገንዘብ አቅሙን፣ አመጋገቡንና ጤናውን ሊገልጡ ይችላሉ ብሏል።

ኮዱ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል። አሜሪካ ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ አንዲት እናት አስቡ። እግራቸው ደህና ነው። እንግሊዝኛ ስለማይችሉና ትራንዚት ላይ እንዳይጠፉ ስለተሰጋ ግን ልጆቻቸው ዊልቸር ያዙላቸዋል። በእኛ ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው፤ የሚገፋቸው ሠራተኛ እስከ አውሮፕላኑ በር ያደርሳቸዋል። መዝገቡ ላይ የተጻፈው ግን ቋንቋ አለመቻላቸው ሳይሆን ረጅም መንገድ መራመድ አለመቻላቸው ነው። መረጃው ለአንድ ቀን እርዳታ ጥሩ ነበር፤ ለሌላ ጉዳይ ከዋለ ግን ስሕተት ነው።

ከአንድ ጉዞ ወደ ረጅም ትዝታ

አንድ ፒኤንአር የሚያወራው ስለ አንድ ጉዞ ነው። ጉዞዎቹን እርስ በርስ የሚያስተሳስራቸው የደንበኝነት ካርድ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ የራሱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን፣ የኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሼባማይልስ አለው። እናንተ ማይል ስታጠራቅሙ አየር መንገዱም በበኩሉ ያጠራቅማል፦ በየትኛው ወር እንደምትበሩ፣ የት እንደምትመላለሱ፣ የትኛውን ወንበር እንደምትመርጡ።

ይህ ትዝታ እስከ የት መሄድ አለበት? እ.ኤ.አ. በ2012 ብሪቲሽ ኤርዌይስ «ኖው ሚ» በሚል ፕሮግራም ሠራተኞቹ የመንገደኛውን ያለፉ ጉዞዎችና ያጋጠሙትን ችግሮች አይፓድ ላይ እንዲያዩ አደረገ። ሻንጣው ባለፈው ጠፍቶበት ከነበረ ይቅርታ ይጠየቃል። ይህ ማንንም አላስቀየመም። ቁጣ ያስነሣው አንዳንድ መንገደኞችን በመልክ ለመለየት ፎቷቸው ከጎግል ይፈለጋል መባሉ ነው። አየር መንገዱ የፈለገው ሰው ደንበኛ በሆነበት ምግብ ቤት የሚሰማውን ዓይነት ስሜት መፍጠር እንደሆነ ገልጿል።

ንጽጽሩን በፈላስፋዋ ሄለን ኒሰንባውም ሐሳብ ብንመዝነው ጉድለቱ ይታያል። በእሷ አስተያየት ግላዊነት ማለት ሁሉንም መደበቅ አይደለም፤ መረጃ በተሰጠበት ቦታ ደንብ መሠረት መንቀሳቀሱ ነው። የሰፈር ባለሱቅን ተመልከቱ። ዱቤያችሁን፣ ወር ሳይደርስ ገንዘብ እንደሚያልቅባችሁ ሁሉ ያውቃል፤ ግን አይከፋችሁም። የነገራችሁት ራሳችሁ ናችሁ፤ እናንተም እሱን ታውቁታላችሁ፤ የዱቤ መዝገቡም ከባንኮኒው ሥር አይወጣም። ያንኑ መዝገብ ለአሠሪያችሁ ቢያሳይ ግን ያው መረጃ ክህደት ይሆናል።

ከባንኮኒው ሥር ሲወጣ

የአየር መንገድ መዝገብ ደግሞ ብዙ ቦታ ይዞራል። ከመስከረም 2001ዱ ጥቃት በኋላ አሜሪካ ወደ አገሯ የሚበሩ አየር መንገዶች ፒኤንአር እንዲሰጧት በሕግ አስገደደች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ መረጃው ለአምስት ዓመት እንዲቀመጥ፣ ስምና መሰል ዝርዝሮችም ከስድስት ወር በኋላ እንዲሸፈኑ ደነገገ። ፍርድ ቤቱ ግን በ2022 ገደብ አበጀለት፤ ከሽብር ወይም ከከባድ ወንጀል ጋር ለመያያዙ ተጨባጭ ፍንጭ የሌለበትን መንገደኛ መረጃ ከስድስት ወር በላይ ማቆየት አይቻልም አለ።

ሌባም ይደርስበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪቲሽ ኤርዌይስ ላይ በተፈጸመ የኮምፒውተር ጥቃት ከ400,000 በላይ ሰዎች መረጃ ተጋልጦ፣ የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2020 የ20 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጥሏል።

አንዳንዴ በሩን የምንከፍተው እኛው ነን። የቀድሞው የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት እ.ኤ.አ. በ2020 የመሳፈሪያ ካርዳቸውን ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ለጠፉ። አንድ የኮምፒውተር አዋቂ በኮዱ ገብቶ የፓስፖርት ቁጥራቸውንና ስልካቸውን አገኘ፤ ሠራተኞች ስለ እሳቸው መስተንግዶ የተጻጻፉት ማስታወሻ ጭምር እዚያው ነበር። በብዙ አየር መንገዶች ድረ ገጽ መዝገቡን ለመክፈት የሚጠየቀው ያ ባለ ስድስት ምልክት ኮድና የአባት ወይም የቤተሰብ ስም ብቻ ነው። ሁለቱም ካርዱ ላይ ታትመዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

በስም መጠራትንና የጾም ምግብን መተው መፍትሔ አይደለም። የሚያስፈልገው ለምግብ የተሰጠ መረጃ ለምግብ ብቻ እንዲውል፣ ጉዳዩ ሲያልቅም እንዲጠፋ መጠየቅ ነው። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሃይማኖትንና የጤናን መረጃ ለየት ያለ ጥበቃ ይሰጠዋል፤ ባለመረጃውም ስለራሱ የተያዘውን የማየትና የማስተካከል መብት አለው። መብት ግን ካልጠየቁበት ወረቀት ላይ ይቀራል።

እስከዚያው በእጃችን ያለም አለ። የመሳፈሪያ ካርድ ፎቶ አትለጥፉ፤ ባርኮዱ ራሱ ኮዱን ስለሚይዝ ጽሑፉን ብቻ መሸፈን አይበቃም። ካርዱንም ወንበር ኪስ ውስጥ ጥላችሁ አትውረዱ። ቅጽ ስትሞሉ የግዴታ ያልሆነውን ባዶ ተዉት። እናታችሁን ስትልኩም ዊልቸር ከማለታችሁ በፊት ቋንቋ ለማይችል መንገደኛ የሚሰጥ እርዳታ መኖሩን ጠይቁ፤ ለዚህም የተለየ ኮድ አለ። ያኔ የሚረዳቸው ሰው ይመጣል፤ መዝገቡም እውነቱን ብቻ ይይዛል።